የዶሮዋ ዓይን ነጭ ሲሆን፦ ከኩሌ ጓሮ እስከ ሬቲና

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጓሮ ዶሮን የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እኛ መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃን ብርሃን ገና ሳለ ዶሮዋ መጫሯን ትታ ወደ ቆጧ ታዘግማለች። ጨለማው ከወረደ በኋላ እጃችንን ዘርግተን ብንይዛት እንኳ ወዴት እንደምትሸሽ አታውቅም። ሲመሽ ማየት የሚሳነውን ሰው ዳፍንት ያዘው እንላለን፤ በዚህ አነጋገር ዶሮ ከነተፈጥሮዋ ዳፍንታም ናት። ይህ ግን የዓይኗ አሠራር እንጂ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው በጠራራ ፀሐይ የተበተነላትን እህል ስታ አጠገቡ ያለውን ባዶ አፈር ስትለቅም፣ ከግድግዳ ጋር ስትጋጭ፣ ወይም ከሌሎቹ ተነጥላ አንገቷን ቀብራ ስትቆም ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ስለ ሌንስ ባስተማርኩበት ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ «የዓይንን ነገር ካነሡ አይቀር፣ የዶሮዎቻችን ዓይን ነጭ እየሆነ የሚጠፋው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በእርግጥ መልሱን በሙሉ ሊሰጥ የሚገባው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሆኖም ዓይን የብርሃን መሣሪያ ነው፤ የተበላሸ መሣሪያ የሚመረምር ሰው ደግሞ ብርሃኑ የሚያልፍበትን መንገድ ከፊት ወደ ኋላ ተከትሎ እንከኑ የቱ ላይ እንደሆነ ይፈልጋል። «ነጭ ሆነ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ነጭ የሆነው የትኛው ክፍል ነው?

ለጥያቄው ተስማሚ ምሳሌ የሚሆነን ኩሌ ነው። ኩሌ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ፣ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ድንበር ተሻግረው ለመጡ ሰዎች በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) የተከፈተ የስደተኞች መጠለያ ነው። ከነዋሪዎቹ አብዛኞቹ የኑዌር ተወላጆች ናቸው። በአገሩ ባለ ከብት የነበረ ቤተሰብ መንጋውን ትቶ ሲሰደድ፣ በጠባብ ጓሮ ሊያረባው የሚችለው እንስሳ ዶሮ ነው። እንቁላሉ ለሕፃን ይሰጣል፤ ወይም ተሸጦ ጨውና ሳሙና ይሆናል። የአካባቢው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ በመሆኑ ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ በክረምት ደግሞ የባሮ ወንዝ ሜዳውን ያረጥበዋል፣ ትንኙም ይበዛል። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ትንኝ፣ ጠባብ ግቢና አንድ ዓይነት እህል፦ ከታች እንደምናየው እያንዳንዳቸው ወደ ዶሮዋ ዓይን የሚያደርስ የራሳቸው መንገድ አላቸው። ዶሮ ምግቧን የምትፈልገው በማሽተት ሳይሆን በማየት ስለሆነ፣ ዓይኗ የተዘጋ ዶሮ ብዙ ጊዜ የምትሞተው በበሽታው ሳይሆን በረሀብ ነው።

የፊተኛው መስታወት

የዶሮ ዓይን ከአካሏ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ ነው፤ የሁለቱ ዓይኖቿ ክብደት ቢደመር ከአንጎሏ ክብደት ጋር ይቀራረባል። ብርሃን ወደ ዓይኗ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያገኘው ኮርኒያ የተባለውን ግልጽ ሽፋን ነው። የስብረት ኢንዴክሱ 1.00 ከሆነው አየር 1.38 ገደማ ወደሆነው ኮርኒያ ሲሻገር በኃይል ይታጠፋል። ከውስጥ ያለው ሌንስ የሚጨምርለት ቀሪውን ነው።

ኮርኒያ ግልጽ መሆኑ ራሱ ሊያስገርመን ይገባል። የተሠራው ኮላጅን ከተባለ ክር ነው፤ ጅማትም የሚሠራው ከዚሁ ክር ነው። ጅማት ግን ነጭ ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም። ልዩነቱ ያለው በአደራደሩ ላይ ነው። በኮርኒያ ውስጥ ክሮቹ እጅግ ቀጫጭንና በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ100 ናኖሜትር በታች ሲሆን፣ የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። ከእያንዳንዱ ክር ወደ ጎን የሚበተነው ሞገድ ከጎረቤቱ በሚመጣው ሞገድ ይሰረዛል፤ ወደ ፊት የሚጓዘው ብቻ ይተርፋል። ኮርኒያው ተጎድቶ ውሃ ሲገባበት ያብጣል፣ የክሮቹ ሥርዓት ይፈርሳል፣ መሰራረዙም ይቀራል። ያን ጊዜ ግልጹ መስታወት እንደ ጉም ይሆናል። ከፊት የሚታየው ነጭነት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ኮርኒያን ከሚጎዱት ነገሮች ባለቤቱ በቀላሉ ሊያስወግደው የሚችለው አሞንያ ነው። ወፎች የናይትሮጅን ቆሻሻቸውን የሚያስወግዱት እንደ እኛ በፈሳሽ ሽንት ሳይሆን በኩሳቸው ላይ በሚታየው ነጭ ዩሪክ አሲድ መልክ ነው። ኩሱ ደረቅ ከሆነ ብዙም ችግር የለም። ጉዝጓዙ ሲረጥብና ሲሞቅ ግን ባክቴሪያዎች ዩሪክ አሲዱን እየሰባበሩ አሞንያ ያወጡበታል። አሞንያ ውሃን በጣም ስለሚወድ በመጀመሪያ የሚሟሟው እርጥብ በሆነው የዶሮዋ ዓይን ላይ ነው፤ እንባዋንም ወደ አልካሊ ይለውጠዋል። አልካሊ ደግሞ የዓይንን ሽፋን ዘልቆ ይገባል። የዶሮ እርባታ ባለሙያዎች በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ አሞንያው ከ25 ክፍል እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ከዚያ በእጥፍና ከእጥፍ በላይ ሆኖ ለቀናት ሲቆይ ዓይኗን መክፈት ያቅታታል፣ በክንፏ ታሸዋለች፣ ኮርኒያዋ ይቆስላል።

መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አፍንጫችን መጥፎ መሣሪያ አይደለም፤ ችግሩ ቶሎ መልመዱ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት በመጀመሪያው ትንፋሽ የሚሰማን ሽታ እውነቱን ይነግረናል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚሰማን አይነግረንም። ደግሞም መለካት ያለበት ሰው ቆሞ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ነው፤ የዶሮዋ ዓይን ያለው ከጉዝጓዙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነውና። የአሞንያ የሞለኪዩል ክብደት 17 ሲሆን የአየር አማካይ 29 ነው፤ ስለዚህ አሞንያ መውጫ ካገኘ ወደ ላይ ይወጣል። ከጅብና ከሌባ ለመጠበቅ ሲባል ከላይ እስከ ታች የተመረገ የዶሮ ቤት ከጣራው ሥር የእጅ ስፋት ያለው ክፍተት በወንፊት ሽቦ ተሸፍኖ ቢተውለት፣ ይህ ቁጥር በነጻ ይሠራለታል። በክረምት በጉዝጓዙ ላይ ደረቅ አመድ ወይም ገለባ መጨመር እርጥበቱን ይቀንሳል ይባላል። ገለባው ጥሩ ነው፤ አመዱን ግን አልደግፍም። አመድ ራሱ አልካሊ ስለሆነ አሞንያውን ከጉዝጓዙ ውስጥ ያባርረዋል እንጂ አያስረውም።

ጭረትም ኮርኒያን ያጎድፋል፤ የሣር እሾህ፣ የሌላ ዶሮ ምንቃር፣ የእንጨት ስንጥር። የጭረት ምልክቱ አንድ ዓይን ብቻ መሆኑ ነው። አየር ሁለቱንም ዓይን፣ ያውም የቤቱን ዶሮዎች በሙሉ ይነካል፤ ምንቃር ግን የሚያገኘው አንዱን ነው።

ከቆቡ ሥር ያለው አይብ

ሁለተኛው ነጭ በዓይኑ ላይ ሳይሆን በዓይን ቆቡ ሥር ይገኛል። ቆቦቹ ያብጣሉ፣ ይጣበቃሉ፤ ቀስ ብለው ሲከፈቱ አይብ የሚመስል የረጋ ነገር ይወጣል። ይህ ሲታይ በቅድሚያ ልንጠይቅ የሚገባን ዶሮዋ ምን እንደበላች ነው።

የቫይታሚን ኤ እና የዓይን ታሪክ ከዶሮ ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ጆርጅ ዋልድ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ተመራማሪ በሬቲና ውስጥ ቫይታሚን ኤ መኖሩን አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1937 በቀን ብርሃን ለማየት የሚያገለግል አዮዶፕሲን የተባለ ቀለም አገኘ፤ ያገኘውም ከዶሮ ሬቲና ነበር። በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ዛሬ እንደምናውቀው ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ሬቲናል የተባለ ሞለኪዩል በታጠፈ ቅርጽ ይጠብቃል፤ አንድ ፎቶን ሲመታው ከሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ይዘረጋል፤ የማየት ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች መዘርጋት ነው። ሞለኪዩሉ በኩሌ ሕፃንም በኩሌ ዶሮም ዓይን ውስጥ አንድ ነው።

የዶሮ ሬቲና በአንዳንድ ነገር ከእኛ ይበልጣል። እኛ ቀለም የምንለይባቸው ሦስት ዓይነት ኮኖች ሲኖሩን እርሷ አራት አላት፤ አራተኛው ለሐምራዊ ብርሃን የተሠራ ሲሆን እኛ ወደማናየው አልትራቫዮሌት ጠርዝ ድረስ ይደርሳል። በየኮኑ ላይም አንዳንድ የዘይት ጠብታ አለች፤ የአብዛኞቹ ጠብታዎች ቢጫና ቀይ ቀለም የሚገኘው ዶሮዋ ራሷ መሥራት ከማትችላቸው፣ ከቅጠልና ከቢጫ በቆሎ ከምታገኛቸው ካሮቲኖይዶች ነው። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት ሮዶች ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህም ነው ማታ የምትሸነፈው።

ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ዶሮ ላይ ቀድሞ የሚጎዳው ግን ሬቲና አይደለም። ቫይታሚኑ እርጥብ ሽፋኖችን ሁሉ፣ የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍልን፣ አፍንጫን፣ ጉሮሮን፣ እርጥብ አድርጎ የሚያቆይ ነው። ሲጠፋ ሽፋኑ እንደ ውጪው ቆዳ ይደርቃል፣ የእንባ ቧንቧዎች ይደፈናሉ፣ የተራገፉት ሕዋሳት እየተጠራቀሙ አይብ ይሆናሉ። ምንቃሯን ከፍቶ ያየ ሰው በአፏና በጉሮሮዋ ውስጥ የመርፌ ራስ የሚያክሉ ነጫጭ ነጥቦች ሊያገኝ ይችላል። ለአካለ መጠን የደረሰች ዶሮ ጉበቷ ውስጥ ስንቅ ስላላት ምልክቱ የሚታይባት ከወራት በኋላ ነው፤ ስንቅ ካልነበራት እናት እንቁላል የተፈለፈለ ጫጩት ላይ ግን በሳምንታት ውስጥ ይታያል።

በኩሌና መሰል ስፍራዎች ይህ እንዴት ሊደርስ እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። ነጭ በቆሎ፣ ስንዴ፣ አብዛኛው ማሽላ ኃይል ይሰጣሉ እንጂ ለቫይታሚን ኤ የሚሆን ካሮቲን የላቸውም ማለት ይቻላል። ዶሮ ይህን ጉድለት የምትሞላው ሣርና ቅጠል እየነጨች ነው። የጋምቤላ ደረቅ ወራት ሲገቡ፣ ግቢውም በእግር ተረግጦ ሲላጥ፣ አረንጓዴ ነገር ይጠፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የሽፈራው ቅጠል፣ የዱባ ቅጠል፣ ጎመን፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንች፣ በጋምቤላ ደግሞ በየደጁ የሚገኘው ማንጎ። ቅጠሉ ቢደርቅም የሚደርቀው በጥላ ሥር ይሁን። ካሮቲን ቀለሙን የሚያገኘው ሰማያዊ ብርሃንን በመምጠጥ ስለሆነ ያው ብርሃን ከሙቀትና ከአየር ጋር ተባብሮ ያፈርሰዋል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የነጣ ቅጠል ዋጋውንም አጥቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ቢጫ አስኳል ለቫይታሚን ኤ ማረጋገጫ ተደርጎ ይወሰዳል፤ አይደለም። የአስኳልን ቢጫነት በአብዛኛው የሚሰጠው ሉቲንና የቅርብ ዘመዶቹ ሲሆኑ እነርሱ ወደ ቫይታሚን ኤ አይለወጡም። ሁለተኛው የከበደ ነው። ለሕፃናት የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ካፕሱል ለዶሮ መስጠት የሚያስብ ሰው ቢኖር እስቲ እናስላ። ሰማያዊው ካፕሱል 100,000 ዩኒት ይዟል። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በአንድ ኪሎ መኖ ቢያንስ 3,000 ዩኒት ያስፈልጋታል፤ በቀን 100 ግራም ብትበላ ፍላጎቷ 300 ዩኒት ነው። አንዷ ካፕሱል እንግዲህ ከ330 ቀን ፍላጎት በላይ ናት። በሰውነት ውስጥ የሚከማች ቫይታሚን በመሆኑ ዶሮዋን ይመርዛታል፤ ከአንድ ሕፃን አፍም የተነጠቀ ነው።

አይብ ሁሉ ግን ከምግብ አይመጣም። ፊቷ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካበጠ፣ ከአፍንጫዋ የሚከረፋ ፈሳሽ ከወረደ፣ ሌሎቹም በሳምንት ውስጥ ከተከተሉ፣ ኮራይዛ የተባለ የባክቴሪያ በሽታ ይጠረጠራል። በዓይኗ ማዕዘን የሳሙና የመሰለ አረፋ ከታየ ማይኮፕላዝማ ሊሆን ይችላል። የምግብ ጉድለት ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ተላላፊ በሽታ ይሮጣል።

ቅርፊት፣ ግራጫ ዓይን፣ ሞራ

የዶሮ ፈንጣጣ የክረምት እንግዳ ነው። ቫይረሱን ከዶሮ ወደ ዶሮ ከሚያደርሱት ዋነኛዋ ትንኝ ስትሆን፣ የምትነድፈውም ላባ የሌለበትን ቦታ ማለትም ኩክኒን፣ ፊትንና የዓይን ቆብን ነው። ቅርፊቱ ቆቡን ሲደፍነው ባለቤቱ ዓይኗ የጠፋ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዓይኑ ከቅርፊቱ በስተ ጀርባ ደኅና ነው። ቅርፊቱን መላጥ ቁስሉን ያሰፋል። ለቫይረሱ መድኃኒት የለውም፤ እስኪረግፍ ድረስ ለጥቂት ሳምንታት በእጅ እየመገቡ ውሃ ማጠጣት ግን ዶሮዋን ያተርፋታል። ከላይ በረሀብ ትሞታለች ያልኩት ለዚህ ነው።

ወደ ውስጥ ስንዘልቅ አይሪስን እናገኛለን። የዶሮ አይሪስ ብርቱካናማ፣ ብሌኗም ፍጹም ክብ ነው። ቀለሙ ወደ ግራጫ ከተለወጠ፣ የብሌኑም ጠርዝ ከተቆራረጠ ወይም የመርፌ ቀዳዳ ያህል ጠብቦ ብርሃን ሲበራበት ካልተንቀሳቀሰ፣ የማሬክ በሽታ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 በሽታውን ከገለጸው ከሃንጋሪያዊው የእንስሳት ሐኪም ዮዥፍ ማሬክ ነው። ቫይረሱ የነጭ ደም ሕዋሳትን ካንሰር የሚያስከትል ሲሆን ወደ ሰው አይተላለፍም። ከያዘ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን የሚሰጥ ነው። ነጭነቱ ከብሌኑ በስተ ኋላ ከሆነ ደግሞ በሌንሱ ላይ የተፈጠረ የዓይን ሞራ ነው፤ በእርጅና ይመጣል፣ አለዚያም በጫጩትነት ከያዘ የአንጎል ቫይረስ የተረፈ ጠባሳ ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት ባትሪውን

እንግዲህ ተማሪዬ ያነሣው ነጭ ከአራት ቦታ ሊመጣ ይችላል። የሚለየውም የእጅ ባትሪ ወይም የሞባይል ስልክ መብራት ነው። ዶሮዋን ጥላ ውስጥ ይዛችሁ መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከዓይኑ ገጽ ጋር እንዲንሸራተት አድርጋችሁ አብሩት። ጉሙ ከፊት ከሆነ ብርሃኑ እርሱ ላይ ተበትኖ ያበራል፤ ከብሌኑ ኋላ ከሆነ ፊቱ ጥርት ብሎ ጥልቁ ይነጣል። አንድ ዓይን ነው ሁለቱም? አንዲት ዶሮ ናት ሁሉም? በሁለት ቀን የመጣ ነው በሁለት ወር? እነዚህን መልሶች ይዞ የሚመጣ ሰው ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል። ለትራኮማ በየቤቱ የሚገኘውን የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ወዲያው መቀባት የተለመደ ነው፤ ቅባቱ ለባክቴሪያ እንጂ ለአሞንያ፣ ለረሀብ፣ ለፈንጣጣና ለማሬክ አይሠራም። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ የቆሰለ ኮርኒያን ሊበሳው ይችላል። ያለ ሥጋት ሊደረግ የሚችለው ማጠብ ነው፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው፤ ይህ መጠን ከእንባ ጋር ስለሚመጣጠን በኦስሞሲስ ምክንያት ውሃ ወደ ኮርኒያው አይገባም።

በነገራችን ላይ ጫጩት የሰውን ዓይን ለማጥናትም አገልግላለች። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆሽ ዎልማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የጫጩቶችን እይታ ከልለው ሲያሳድጉ ዓይናቸው ከልክ በላይ ረዝሞ ሩቅ ማየት እንደሚሳነው አሳዩ። የሚያድግ ዓይን ርዝመቱን የሚለካው በሚያየው ምስል ጥራት ነው ማለት ነው፤ የመነጽር ተጠቃሚ ልጆች ቁጥር ለምን እንደጨመረ የሚመረምሩ ሰዎች ዛሬም ጫጩት ይጠቀማሉ። ጫጩቶችን ቀንም ሌሊትም አምፖል ሥር የሚያሳድግ የከተማ አርቢ ይህን ያስታውስ፤ ጨለማ የማያገኝ የጫጩት ዓይን ያለ ልክ ይተልቃል፣ ኮርኒያውም ይለጠጣል።

የቀረው ፈንግል ነው። በፈንግል የተያዘች ዶሮ የዓይን ቆቧ ያብጣል፣ ዓይኗ ይቀላል፤ ነገር ግን አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠምዘዝና የብዙዎች ሞት አብሮት ስለሚመጣ ዓይኑን የሚያስተውል የለም። የታመመችዋን የነካ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን ቢያሽ የራሱም ዓይን ለቀናት ሊቀላ ይችላል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1943 በአውስትራሊያ አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ላይ ታይቶ ተመዝግቧል። ከዚያው አገር የተገኘው አይ-2 የተባለው ክትባት ለኩሌ ዓይነቱ ቦታ የተሠራ ይመስላል፤ ሙቀትን ስለሚቋቋም ማቀዝቀዣ በሌለበት መንገድ ለሳምንታት ይጓዛል። በአገራችን የዶሮ ክትባት የሚመረተው በቢሾፍቱ ነው። የሚሰጠውም በዓይን ነው። ከዶሮ ሦስተኛ የዓይን ቆብ በስተ ኋላ የመከላከያ ሕዋሳት የሞሉበት እጢ አለ፤ ጠብታው የሚፈለገው እዚያ እንዲደርስ ነው። ዶሮዋን በጎኗ ያጋድሟታል፣ አንድ ጠብታ ይንጠባጠብላታል፣ በዓይኗ ላይ ተዘርግቶ እስኪሰወር ይጠበቃል፤ ከዚያ ትለቀቃለች። በየአራት ወሩ ይደገማል።